ለኮሚኒቲ ኮሌጅ የትኛው ገንዘብ ይቅደም? የእርዳታ ምርጫዎች ሲነጻጸሩ

አሜሪካ ውስጥ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለመግባት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ክሬዲቱ ስንት ነው?" ብሎ ነው፤ ክሬዲት የኮርስ መጠን መለኪያ ሲሆን ክፍያው በእሱ ይታሰባል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች አንዷ ከኪሷ ሰባራ ሳንቲም ሳታወጣ ስትማር፣ ሌላዋ ዕዳ እየቆለለች ልትማር ትችላለች። የገቢያቸው ነገር እንዳለ ሆኖ፣ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የትኛውን እርዳታ አስቀድመው እንደጠየቁ ነው።

ስለዚህ እዚህ የማነጻጽረው ኮሌጆቹን ሳይሆን ገንዘቦቹን ነው። ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ አቅርቡለት። ይመለሳል ወይ? ከትምህርት ክፍያው አልፎ ለመጽሐፍ፣ ለትራንስፖርት፣ ለቤት ኪራይ ይደርሳል ወይ? ትምህርቱን መሃል ላይ ባቋርጥ ምን ይከተለኛል? "ስንት ይሰጣሉ?" የሚለው ከነዚህ በኋላ ይመጣል።

ፋፍሳ ወይስ የስቴት ቅጽ?

የፌዴራል መንግሥት እርዳታ በሙሉ የሚጠየቀው ፋፍሳ በሚባለው ቅጽ ነው። የሚሞላው ስቱደንትኤይድ ዶት ጎቭ ላይ ሲሆን ምንም ክፍያ የለውም። "እኔ ልሙላላችሁ፣ ይህን ያህል ክፈሉ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትክፈሉ። የኮሌጁ የፋይናንሽያል ኤይድ ቢሮ በነፃ ይረዳችኋል። ከሚከፈለው ገንዘብ በላይ የሚያሳስበኝ የይለፍ ቃሉ ነው። የፋፍሳ አካውንት እንደ ፊርማችሁ የሚቆጠር ነው። የቅርብ ዘመድም ቢሆን ቁጭ ብሎ ያግዛችሁ እንጂ አካውንቱን አይረከባችሁ።

ፋፍሳን መሙላት የሚጠቅመው ለዜጎች፣ ግሪን ካርድ ላላቸው፣ በስደተኝነት ተቀባይነት አግኝተው ለመጡ እና ጥገኝነታቸው ለጸደቀላቸው ሰዎች ነው። በዲቪ የመጣ ሰው ለፌዴራል እርዳታ አንድ ዓመት መጠበቅ የለበትም። ይህን ደግሜ ብናገር ደስ ይለኛል፤ "ዓመት ሳይሞላኝ አይሰጡኝም" ብሎ በከንቱ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ነውና። የዓመቱ ነገር የሚመጣው ከነዋሪነት ዋጋ ጋር ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የስቴቱ ነዋሪ የሚከፍለውን ዝቅተኛ ዋጋ ለማግኘት በአጠቃላይ አንድ ዓመት መኖር ያስፈልጋል። የሜሪላንድ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ግን ሦስት ወር ይበቃቸዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ልረፍ ወይስ አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) እያለ ለሚያመነታ አዲስ መጪ፣ ቶሎ ትምህርት መጀመር ከፈለገ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ብቻ ያለው፣ ወይም በተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው የፌዴራል እርዳታ አያገኝም። አንዳንድ ስቴቶች ግን የራሳቸው ቅጽ አላቸው። ሜሪላንድ ኤምኤስኤፍኤኤ፣ ቨርጂኒያ ቫሳ፣ ካሊፎርኒያ ደግሞ የድሪም አክት ማመልከቻ የሚባሉትን ያስሞላሉ። መስፈርታቸው ይለያያል። ሜሪላንድ እዚያው ስቴት ሃይስኩል መማርን ትጠይቃለች። ካሊፎርኒያ በአዋቂዎች ትምህርት ቤትና በኮሚኒቲ ኮሌጅ ያለፈውንም ጊዜ ትቆጥራለች። ስለዚህ ሎስ አንጀለስ ያለ ሰው የተፈቀደለትን አይቶ ሜሪላንድ ያለው ዘመዱ "ለእኔም ይሠራል" ብሎ ቢነሳ ላይሳካለት ይችላል።

ሁለቱን ቅጾች አንድ ላይ መሙላት አያስፈልግም። ለፋፍሳ የሚበቃ ፋፍሳን፣ የማይበቃ የስቴቱን ይሞላል። ጉዳያችሁ በዓመቱ መሃል ከጸደቀ ግን ቀጣዩን ዓመት ሳትጠብቁ ፋፍሳን ሙሉ።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዜጋ ሳትሆኑ ቅጹ ላይ "ዜጋ ነኝ" የሚለውን በፍጹም አትምረጡ። እርዳታው ቢቀር ይሻላል። በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት በኢሚግሬሽን ሕግ እስከ መባረር የሚያደርስ ጥፋት ነው። ተሳስታችሁ መርጣችሁት ከሆነ ቶሎ አስተካክሉና ጠበቃ አማክሩ።

ፔል ግራንት ወይስ "ነፃ ኮሌጅ"?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ፔል ግራንት የፌዴራል መንግሥት የማይመለስ እርዳታ ነው። ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ትልቁ መጠን 7,395 ዶላር ነው። ስንት እንደሚደርሳችሁ የሚወሰነው በቤተሰቡ ገቢ፣ በቤተሰቡ ብዛትና በምትወስዱት ክሬዲት ነው። 12 ክሬዲት የሚወስድ ሙሉውን፣ 6 ክሬዲት የሚወስድ ግማሹን፣ 9 የሚወስድ ሦስት አራተኛውን ያገኛል። ሌሊት እየሠራ ቀን ሁለት ኮርስ ብቻ የሚወስድ ሰውም አይቀርበትም ማለት ነው። ዋናው ጥቅሙ ደግሞ ይህ ነው፤ የትምህርት ክፍያው ተከፍሎ የተረፈው ገንዘብ ለተማሪው በእጁ ይሰጠዋል። ሪፈንድ የሚሉት እሱን ነው። በኮሚኒቲ ኮሌጅ ዋጋ ፔል ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ብዙ ስቴቶች "ፕሮሚስ" ወይም በሌላ ስም የሚጠሩት ነፃ ኮሌጅ ደግሞ አሠራሩ ሌላ ነው። አብዛኞቹ የሚከፍሉት ከሌላው እርዳታ ሁሉ በኋላ የቀረውን ብቻ ነው። የሜሪላንድ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ፕሮሚስ ስኮላርሺፕ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር ይሰጣል። በአንድ ወላጅ ለሚተዳደር ቤት ወይም ላላገባ ተማሪ የገቢው ጣሪያ 100,000፣ ላገባ ወይም ሁለት ወላጅ ላለበት ቤት 150,000 ዶላር ነው። የሚኒሶታው ኖርዝ ስታር ፕሮሚስ በ2024 መኸር የተጀመረ ሲሆን ከ80,000 ዶላር በታች ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ነው። ማሳቹሴትስ በ2023 ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ጀምራ በ2024 ለሌሎችም ኮሚኒቲ ኮሌጅን ነፃ አድርጋለች። ቴነሲ ከሁሉም ቀድማ በ2015 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ተቀብላለች።

አሁን ሁለት ቤት እናስብ። አንዷ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ፣ ሁለት ልጅ ለብቻዋ የምታሳድግ እናት ናት። ለእሷ የትምህርት ክፍያውን ፔል ይሸፍነዋል። ሪፈንዱም ለመኪና ነዳጅና ለልጅ ጠባቂ ይደርስላታል። ከስቴቱ ፕሮሚስ የሚደርሳት ግን ምንም ላይኖር ይችላል፤ የሚሸፍነው ቀሪ ክፍያ የለምና። ሁለተኛው ቤት አባት ኡበር የሚነዱበት፣ እናት ነርስ የሆኑበት ነው። ገቢያቸው ለፔል ከፍ ያለ ነው፤ ልጁን ከኪስ ለማስተማር ደግሞ ይከብዳል። ይህን ቤት የሚያድነው የስቴቱ ገንዘብ ነው። "እኛማ ገቢያችን ብዙ ነው፣ ምን አደከመን" ብለው ፋፍሳን የሚተዉት ደግሞ እነዚሁ ናቸው። ፋፍሳ ካልተሞላ ስቴቱም አይከፍልም። ሁለቱም ቤት መሙላት አለበት።

ቨርጂኒያ ያለው ጂ-ስሪ የሚባለው ፕሮግራም ከሌሎቹ ለየት ይላል። በ2021 የጸደቀ ሲሆን ለሁሉም ትምህርት አይከፍልም። ጤና፣ አይቲ፣ የሙያ ሥራዎች፣ የሕፃናት እንክብካቤና የሕዝብ ደኅንነት ላይ ያተኩራል። ለእነዚህ መስኮች የገቢ ጣሪያው ሰፊ ነው። ሙሉ ሰዓት ለሚማሩ የፔል ተማሪዎችም ለኑሮ የሚሆን ተጨማሪ ገንዘብ አለው። ነርስ ወይም የላብራቶሪ ሠራተኛ መሆን የሚፈልግ ሰው ሰሜን ቨርጂኒያ ቢኖር እኔ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን እንዲጠይቅ እመክረዋለሁ። ቢዝነስ ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሸጋገር ለሚፈልግ ግን ጂ-ስሪ አይረዳውም።

ካሊፎርኒያ ደግሞ ክፍያው ራሱ በክሬዲት 46 ዶላር ነው። ገቢያቸው ዝቅ ላለ ነዋሪዎች ኮሌጅ ፕሮሚስ ግራንት የሚባለው ይህንኑ ይሰርዝላቸዋል። እዚያ ፔል ያገኘ ተማሪ ገንዘቡ በአብዛኛው ለኑሮው ይውላል።

ወላጆቼ አገር ቤት ናቸው፣ እኔ ያለሁት አጎቴ ጋ ነው

ከ24 ዓመት በታች ከሆናችሁ፣ ካላገባችሁና ልጅ ከሌላችሁ፣ ለብቻችሁ ኖራችሁ ኪራይ ብትከፍሉም ፋፍሳ በአጠቃላይ የወላጆቻችሁን መረጃ ይጠይቃል። ወላጆቹ ጎንደር ወይም ሐዋሳ ቢሆኑም ያው ነው። አጎት፣ አክስት፣ ታላቅ ወንድም በማደጎ ካልወሰዳችሁ በስተቀር ወላጅ ተብለው አይገቡም። ይህ ለእናንተ ጥሩ ነው። የአጎታችሁ ገቢ አይቆጠርባችሁም። አጎቱን "አባት" ብሎ የሚሞላ ልጅ ግን ውሸት ከመሆኑ ሌላ እርዳታውንም ራሱ ላይ ያሳንሳል።

ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌላቸው ወላጆችም የፋፍሳ አካውንት መክፈት ይችላሉ። የየራሳቸው ኢሜይል ያስፈልጋቸዋል። ፈቃዳቸውን ሰጥተው መፈረምም አለባቸው፤ ገቢ ባይኖራቸውም። የብር ገቢያቸው ቅጹ በሚሞላበት ጊዜ ባለው ምንዛሪ ወደ ዶላር ይቀየራል። ብር በጁላይ 2024 በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የአገር ቤት ደመወዝ በዶላር በጣም ስላነሰ፣ ሐቁን መጻፍ ብዙ ጊዜ ሙሉ ፔል ያስገኛል።

ወላጆቻችሁን ማግኘት የማትችሉ ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት ተቀባይነት አግኝታችሁ ከወላጅ የተለያችሁ ከሆነ፣ ወይም ከቤት የወጣችሁት በጥቃት ምክንያት ከሆነ፣ ቅጹ ላይ "ልዩ ሁኔታ" የሚለውን መርጣችሁ ያለ ወላጅ መረጃ ማስገባት ትችላላችሁ። ከዚያ ኮሌጁ ማስረጃ ይጠይቃችኋል። የሰፈር ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ የሃይስኩል አማካሪ ወይም ሁኔታውን የሚያውቅ የሃይማኖት አባት የጻፈው ደብዳቤ ሊረዳ ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ወላጅና ልጅ የአባት ስማቸው መለያየቱ ችግር አይደለም። ችግር የሚሆነው ስማችሁና የልደት ቀናችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ነው። አንዱ ሰነድ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆቹ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ቅጹን ከመክፈታችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

ከአገር ቤት ዲግሪ ይዞ ለመጣ

የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው በአጠቃላይ ፔል አያገኝም። ዲግሪው ከአዲስ አበባ ወይም ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም ደንቡ ይኸው ነው። አካውንቲንግ ተምሮ መጥቶ እዚህ ነርሲንግ መጀመር ለሚፈልግ ይህ መራራ ዜና መሆኑ ይገባኛል። ዲግሪውን መደበቅ ግን መፍትሔ አይደለም። የፌዴራል ቅጽ ላይ ሐሰት መጻፍ ነው፤ የወሰዱትንም ያስመልሳል።

ሐቀኛ የሆነ አንድ መውጫ አለ። ዲግሪያችሁ የሦስት ዓመት ከነበረ ወይም በሌላ ምክንያት ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል አይደለም የሚል የግምገማ ሰነድ ካላችሁ፣ ኮሌጁ አይቶ ፔል ሊፈቅድላችሁ ይችላል። እኩል ነው ከተባለ ደግሞ የሚቀሯችሁ የስቴት ገንዘብ፣ የአሠሪ ድጋፍና ሎን (ብድር) ናቸው። የስቴት ገንዘብ ሁልጊዜ የፔልን ደንብ አይከተልም፤ ስለዚህ "ፔል ከለከሉኝ" ብላችሁ ሳትጠይቁ አትመለሱ። ያንኑ ግምገማ ይዛችሁ ክሬዲት እንዲያሸጋግሩላችሁም ጠይቁ። አምስት ኮርስ ቢቀነስላችሁ ከማንኛውም ስኮላርሺፕ አይተናነስም።

እንግሊዝኛን በፔል መማር ይሻላል ወይስ በነፃ?

ኮሌጁ ውስጥ የዲግሪ ፕሮግራም አካል ሆኖ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ኮርስ በፔል ሊከፈል ይችላል። ግን ፔል በዕድሜ ልክ ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ብቻ ነው። ሁለት ዓመት በእንግሊዝኛ ከጨረሳችሁት ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትሸጋገሩ፣ ክፍያው በእጥፍ ሲጨምር፣ ያጥራችኋል። የአካባቢው የአዋቂዎች ትምህርት ፕሮግራሞችና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ያስተምራሉ። እንግሊዝኛችሁ ገና ጀማሪ ከሆነ መጀመሪያ ወደዚያ ሂዱ። የመጨረሻ አንድ ሁለት ደረጃ ብቻ ለቀረው ግን ኮሌጁ ውስጥ ከሌላ ኮርስ ጋር አብሮ መውሰዱ ጊዜ ይቆጥባል።

ሎን፣ ወርክ ስተዲ፣ የአሠሪ ገንዘብ፣ የወር ክፍያ

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል። የእርዳታ ደብዳቤው ሲመጣ ሎኑ ከግራንቱ ጋር አብሮ ተደርድሮ ስለሚታይ ሁሉም ስጦታ ይመስላል። አይደለም። ሎኑን ትታችሁ ግራንቱን ብቻ መቀበል ትችላላችሁ፤ ወይም ከቀረበላችሁ ቀንሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።

የግድ ከሆነ ሰብሲዳይዝድ የሚባለውን አስቀድሙ። ከሙሉ ጊዜ ተማሪ ቢያንስ ግማሹን ክሬዲት እየወሰዳችሁ እስካላችሁ ድረስ ወለዱን መንግሥት ይከፍላል። አንሰብሲዳይዝድ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይወልዳል። በ2025–26 የወጡት የሁለቱም ወለድ 6.39 በመቶ ነው። አገር ቤት ኮስት ሼሪንግ ከደመወዝ ላይ ሲቆረጥ ያየ ሰው ይህን እንደዚያ እንዳያስበው። እዚህ ትምህርቱን ጨረሳችሁም አቋረጣችሁም ከስድስት ወር በኋላ የወር ክፍያው ይጀምራል። የግል ባንክ ሎን ግን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ለሚማር ሰው አልመክርም። ዋስ ይፈልጋል፤ ዋሱም አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ነው። ልጁ መክፈል ሲያቅተው የሚበላሸው የዘመድ የብድር ታሪክና ዝምድናው ነው።

ከወለድ መራቅ ለሚፈልጉ፣ በሃይማኖታቸው ምክንያት ወለድ የማይነኩ ሙስሊም ወገኖቻችንን ጨምሮ፣ የኮሌጁ የወር ክፍያ አለ። ሴሚስተሩን በአራት አምስት ወር ከፋፍሎ ያስከፍላል። ብዙ ጊዜ ወለድ የለውም፤ ትንሽ የመመዝገቢያ ክፍያ ብቻ ነው። አንድ ሁለት ሺህ ዶላር ለጎደለው ሰው ከሎን ይልቅ ይህ ይሻላል።

ወርክ ስተዲ በኮሌጁ ውስጥ ወይም አካባቢ የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ ነው። ደመወዙ ከኡበር ወይም ከፓርኪንግ ሊያንስ ይችላል። ሆኖም ከክፍል ሰዓት ጋር ይስማማል። በሚቀጥለው ዓመት እርዳታችሁ ሲሰላም ይህ ገቢ አይቆጠርባችሁም። የውጭ ሥራ ገቢ ግን ይቆጠራል።

ሆስፒታል፣ ሆቴል ወይም ትልልቅ መደብር ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠይቁ። አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ለትምህርት ቢከፍልላችሁ ታክስ አይኖረውም። ጉድለቱ ብዙ ድርጅት መጀመሪያ ራሳችሁ እንድትከፍሉና ውጤት ስታመጡ እንዲመልስላችሁ ማድረጉ ነው። እዚያው ቆይታችሁ እንድትሠሩ የሚያስገድድ ውልም ሊኖር ስለሚችል አንብባችሁ ፈርሙ።

ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት)፣ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ወይም ደም መቅዳት የመሳሰሉ አጫጭር ሥልጠናዎች ከፔል ውጭ ሆነው ቆይተዋል። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ከ8 እስከ 15 ሳምንት የሚወስዱና ስቴቱ ያጸደቃቸው ሥልጠናዎች በፔል እንዲከፈሉ ሕጉ ተቀይሯል። ቨርጂኒያ ቀድሞውኑ ፋስትፎርዋርድ የሚባል አላት፤ ተማሪው የሚከፍለው የዋጋውን አንድ ሦስተኛ ያህል ነው።

ታክስ ላይ የሚመለሰው

የትምህርት ክፍያ ከኪሳችሁ ወይም በሎን ከከፈላችሁ አሜሪካን ኦፖርቹኒቲ የሚባለው የታክስ ክሬዲት (ከታክስ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ) በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ይደርሳል። ከዚህ እስከ 1,000 የሚሆነው ታክስ ባይኖርባችሁም ይመለሳል። የሚሠራው ለአራት ዓመት ብቻ ነው። ፔል ሙሉ ክፍያውን ከሸፈነላችሁ ግን የምትጠይቁት ላይኖር ይችላል። ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው 1098-ቲ የሚባለውን ከኮሌጁ የሚመጣ ቅጽ ስጡት። የፔል ተማሪ ከሆናችሁ በተለይ ይህን እንዲያይላችሁ ንገሩት።

ማቋረጥ

ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላው ሁሉንም ኮርስ ካቋረጣችሁ ከፌዴራሉ ገንዘብ ከፊሉ ይመለሳል። ኮሌጁም ቀሪውን ከእናንተ ይጠይቃል። አንድ ኮርስ ብቻ ብትተዉም መዘዝ አለው። እርዳታው እንዲቀጥል በአጠቃላይ 2.0 አማካይ ውጤትና ከጀመራችሁት ክሬዲት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን መጨረስ ይጠበቅባችኋል። ስለዚህ ሥራ ለሚበዛበት ሰው በ12 ክሬዲት ጀምሮ ሁለት ኮርስ ከመጣል 6 ክሬዲት ወስዶ መጨረስ ይበልጣል። ሪፈንዱ ያንሳል፤ ግን በእጁ ይቆያል።

ቀኖቹና ይግባኙ

ፋፍሳ በተለምዶ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ የፌዴራሉ በር እስከ ትምህርት ዘመኑ መጨረሻ ጁን 30 ክፍት ነው። ስቴቶች ግን ቀደም ብለው ይዘጋሉ። ሜሪላንድ ማርች 1 ነው። ካሊፎርኒያ ማርች 2 ሲሆን ለኮሚኒቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ሴፕቴምበር 2 ሁለተኛ ዕድል አለ። ጁን 30ን አይታችሁ አትዘናጉ።

ፋፍሳ የሚያየው የቆየ ገቢ ነው። የ2026–27 ቅጽ የ2024ን ታክስ ይወስዳል። ከዚያ ወዲህ ሥራ ካጣችሁ፣ ከተፋታችሁ፣ ወይም ትልቅ የሕክምና ወጪ ካለባችሁ፣ ኮሌጁ ገቢያችሁን እንደገና እንዲያይ ማመልከት ትችላላችሁ። ወደ አገር ቤት የምትልኩት ገንዘብ በስሌቱ አይቀነስላችሁም። የታመመ ወላጅ እያሳከማችሁ ከሆነ ግን የባንክ ማስረጃውንና የሐኪም ወረቀቱን አያይዛችሁ እዚሁ ማመልከቻ ላይ ማቅረብ ትችላላችሁ። ቢሮው ባይገደድም ሊቀበል ይችላል። ኮሌጁ አንዴ የወሰነውን የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት አይሽረውም። ስለዚህ የሥራ ስንብት ደብዳቤውን፣ የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀትና ሌላውን ማስረጃ ሁሉ መጀመሪያ በምታስገቡት ማመልከቻ ላይ አሟሉ።